ሐይቁን ልንዞር ነው

መጋረጃ ሰፊዋ «እኔ እሄዳለሁ» ስትል ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለነበር፣ ታናሽ እህቷ የሰማችውን ጆሮዋ አላምን አላት።

«ምን አልሽ?»

መጋረጃ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። «ጓደኛሽ ከቀረች እኔ እሄዳለሁ አልኩሽ። ምነው? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ይህችን መጋረጃ ሰፊ የሚያውቃት ሁሉ እታለም ይላታል። መጀመሪያ እንዲያ ያለቻት ታናሽ እህቷ ናት፤ ከዚያ ጎረቤቱ ቀጠለ፣ ከዚያ ደንበኛው። አሁንማ በዕድሜ የሚበልጧት ሴትዮዎች ሳይቀሩ «እታለም፣ መጋረጃዬ ደረሰ?» እያሉ ነው ወደ ሱቋ የሚገቡት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ታናሽየዋ ደግሞ ሚጢጢ ናት። ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች የወጣላት ስም ነው፤ ዛሬ በሱቁ በር ስትገባ አንገቷን ሰበር የምታደርግ ሎጋ ሆና እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ናት፤ የሰው አጥንት ስታይ ነው የምትውለው።

ሚጢጢና አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነርስ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው በአንድ ሐሳብ ተሰቅሎ ነበር፤ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ትልቁን ሐይቅ በሳይክል መዞር። መንገድ ላይ በድንኳን እያደሩ፣ የራሳቸውን እያበሰሉ፣ ማንም ሳያዛቸው። ሁለቱም ከአገር ወጥተው አያውቁም። ሳይክሉም ተገዝቷል፣ ድንኳኑም ተገዝቷል፣ ፈቃድም ተሞልቷል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ነርሷ የራጅ ክፍሉን በር ከፍታ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ «አርግዣለሁ» አለቻት። ስትመኘው የኖረችው እርግዝና ነበርና ሚጢጢ አቅፋ ሳመቻት፣ አብራት ዘለለች። ለምሳ ሲለቀቁ ግን እየሮጠች እህቷ ሱቅ መጣችና የመጋረጃ ጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ ብላ፣ «በጣም ደስ ብሎኛል፤ ልሞት ነው» አለች።

እታለም የሰጠችው መልስ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። የሳይክሎቹን የጎን ቦርሳዎች የሰፋችው እሷ ናት፤ ለአንድ ሱቅ የዝናብ መከላከያ ስትሠራ የተረፋትን ወፍራም ሸራ አውጥታ። እየሰፋች «እዚህ ውስጥ ምን ይገባል?» ትላለች። «ድስት» ትላታለች ሚጢጢ። «የት ልታበስሉ?» «ሐይቁ ዳር።» «ዳሩ ምን ይመስላል?» እንዲህ እንዲህ እያለች ቦርሳዎቹ ሲያልቁ፣ እታለም ያንን ሐይቅ በሐሳቧ ስንትና ስንት ጊዜ ዞራው ነበር። ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ለራሷም ቢሆን።

«መጨረሻ ሳይክል የነዳሽው መቼ ነው?» አለች ሚጢጢ።

«አንቺ ሳትወለጂ።»

«እና?»

«እና ምን? አሁንም ያው ሁለት ጎማ አይደል ያለው?»

ሚጢጢ ከጨርቁ ክምር ላይ ተስፈንጥራ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አንድ ስፒል ክንዷን ወጋት፤ ግድ አልሰጣትም።

ነርሷ ሳይክሏን «አገልግሎ ይመለስ» ብላ ለእታለም አዋሰቻት። ከሱቁ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ሳይክል የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አለ፤ ወሬ ከጀመረ የሚያቆመው ስለሌለ የሰፈሩ ሰው ፍሬን የለሽ ይለዋል። ኮርቻውን ለእታለም ቁመት ዝቅ ሲያደርግላት፣ ማርሹን ሲያስተካክል፣ የፈነዳ ካላማዳርያ እንዴት እንደሚለጠፍ ሲያሳያት፣ አፉ አንዴም አላረፈ።

«እታለም፣ ዳገት ስትወጪ አትቸኩይ። ቁልቁለት ስትወርጂም አትቸኩይ። ሜዳ ላይ ምን አስቸኮለሽ? አትቸኩይ። እኔ በወጣትነቴ…»

«አባባ፣ እንዲህ ከሆነማ ዓመት ሊፈጅብን ነው።»

«ይፍጃ! ማን አባረራችሁ?»

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ የጅምላ መደብሮቹ ሲዘጉ፣ ከኋላቸው ያለው ሰፊ የመኪና ማራገፊያ ጭር ስለሚል እዚያ ትለማመድ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን እየተንገዳገደች ሄዳ ሄዳ ባዶ ካርቶን የተቆለለበት ውስጥ ሰተት ብላ ገባች። ሚጢጢ እየሮጠች ደርሳ ካርቶኑን ስትገላልጥ እህቷ በጀርባዋ ተንጋላ ሰማዩን እያየች ነው።

«የቱ ጋ ነው ያመመሽ?»

«ክብሬ ጋ።»

«እሱ ራጅ ላይ አይታይም፤ ተነሺ።»

ተነሳች። በሦስተኛው እሑድ አንድ እጇን ለቃ መንዳት ቻለች። የተልባ እግር ጨርቅ የሚያወርዱ ሠራተኞች አይተው ሲያጨበጭቡላት አፍራ መልሳ ያዘችው።

ጉዱ የፈላው ዕቃ ሲሸከፍ ነው። እናታቸውና እታለም የሚኖሩት ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ ሚጢጢ በሌላ ሰፈር ተከራይታለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ወለል ላይ ሁሉም ነገር ተዘረገፈ፤ የመኝታ ከረጢት፣ ትንሽዬ የጋዝ ምድጃ፣ የጎማ መንፊያ፣ የዝናብ ልብስ። ሚጢጢ የምታውቀው ይህን ነበር። ከእታለም ክፍል ግን የአልጋ ትራስ ወጣ። ከትራሱ ቀጥሎ ከባዱ መጥበሻ። ከመጥበሻው ቀጥሎ ካውያ።

«እታለም፣ ካውያ?»

«ድንበር ላይ ተጨማድጄ ልቅረብ?»

«የቱ ላይ ልትሰኪው ነው? ዛፍ ላይ?»

በመስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው እናታቸው በሳቅ ፈረሰች። ካውያው ተመለሰ። መጥበሻው በብዙ ክርክር ተመለሰ። ትራሱን ግን እታለም «ያለሱ ንቅንቅ አልልም» ስላለች፣ ግማሹ ጥጥ ወጥቶለት፣ ጎኑ ጠቦ፣ ዳግም ተሰፍቶ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ እናትየዋ መታመም ጀመረች። መታመሟ ግን በእታለም አፍ ነበር።

«እማዬ ትናንት ሲያስላት ነበር» ትላለች።

«ሻይ ትን ብሏት ነው» ትላለች ሚጢጢ።

«ፊቷ ገርጥቷል።»

«መስኮት ላይ የሰቀልሽው አዲሱ መጋረጃ ቢጫ ስለሆነ ነው።»

እናትየዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን ተጎድታ ምርኩዝ ይዛለች። ባሏ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ የሆነ ነገር ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እታለም አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ሆኖ ነው የምትሰፋው፤ ከላይ ኮሽታ ከሰማች ደንበኛዋን በቁሟ ጥላ ትወጣለች። አሁንም ከሱቁ ጎን ታች ቤት ለሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት አደራ ስትል፣ መድኃኒቱን ስታሳይ፣ እንደገና ስታሳይ፣ እናትየዋ ሬዲዮኗን የምትሰማ ትመስላለች። ጆሮዋ ግን ሬዲዮኑ ጋ አልነበረም።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሌሊት ለሙከራ ውጭ እንደር ተባባሉና፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ግድብ አንድ ጠዋት ጉዞ ጀመሩ። ቀኑ ብሩህ ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ እታለም ፍሬኗን ጨምድዳ፣ ጥርሷን ነክሳ ወረደችው። ታች ደርሳ ዞር ብላ አየችው።

«ነገ ስንመለስ ይሄን ማን ሊወጣው ነው?»

«ወርደን እየገፋን» አለች ሚጢጢ። «ማንም አይወጣውም።»

ባረፉበት ሁሉ እታለም ስልኳን አውጥታ ቤት ትደውላለች። «ደህና ነኝ፣ ንጂ!» ትላለች እናቷ። ደግማ ስትደውል፣ «ደህና ነኝ አልኩሽኮ! ንጂ!» ግድቡ ዳር ደረሱ፤ ሣሩ ላይ ድንኳኑን ዘረጉት። እንዴት እንደሚተከል ሚጢጢ በቪዲዮ ደጋግማ አይታለች፤ ነገር ግን በቪዲዮው ነፋስ አልነበረም። እሷ አንዱን ካስማ ስትመታ ሌላው ይነቀላል፤ ድንኳኑ እየተነፋ ሊበር ሲል እታለም በሆዷ ተኛችበት። እዚያው እንደተኛች ስፌቱን ቀረብ ብላ መረመረች። «ይሄን የሰፋው ሰው ምሳ ሊሄድ ቸኩሎ ነበር» አለች። ሳቁ። በመጨረሻ ቆመ፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ ቢሆንም ቆመ።

እታለም ይህን ለእናቷ ልትነግር ደወለች። አይነሳም። ደገመች። አይነሳም። ታች ቤት ላሉት መምህርት ደወለች፤ እሳቸውም አያነሱም።

«ተኝታ ይሆናላ» አለች ሚጢጢ።

«መምህርቷም አብረው ተኙ?»

እንደገና ሞከረች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ ፊቷ አመድ መሰለ። ሳይክሏን አነሳች። ሚጢጢ «ቆይ እንጂ! ቆይ ላጣጥፈው!» ስትል ድምጿን የሰማ የለም፤ ሣሩን አቋርጣ፣ አስፋልቱ ላይ ወጥታ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ነጎደች።

መንገዱን እንዴት እንደመጣችው ኋላ ብትጠየቅም አታውቀውም። የምታየው ደረጃውን ብቻ ነበር፤ ከደረጃው ግርጌ ደግሞ የእናቷን ነጠላ ጫማ። ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ላቡ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እግሯ ግን ልክ እንደ ስፌት መኪናው ፔዳል ሳያቋርጥ ይረግጣል። ሱቋ በር ላይ ሳይክሏን ወርውራ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች።

በሩ አልተቆለፈም። ገፋ ስታደርገው ሙዚቃ ተቀበላት።

የሳሎኑ ጠረጴዛ ከጥጉ ወጥቶ መሐል ቆሟል። ዙሪያውን የሰፈሩ አሮጊቶች ካርታ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መምህርቷም አሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። እናትየዋ ግን አልተቀመጠችም። ያለ ምርኩዝ ተነስታ ቆማ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ አንድ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ መታችና «በላኋችሁ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ልጇን አየቻት። አሮጊቶቹ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ በሩ ዞሩ።

«ስልክሽስ?» አለች እታለም።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር። አላስጫውት ብሎኝ።»

«የኔንም ነጥቃ አብራ ከተተችው» አሉ መምህርቷ፣ እንደተከሰሰ ተማሪ።

እታለም በሩን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ… ሞተሽ ነው ብዬ…»

«ይኸው አልሞትኩም። ነይ ውሃ ጠጪ።»

እናትየዋ ልጇን ደግፋ ወደ ወጥ ቤት ወሰደቻት፤ ቆሞ ላየ ሰው ማን ማንን ደግፎ እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። ሳሎን የቀሩት አሮጊቶች ደግሞ አጋጣሚውን አግኝተው የእናትየዋን ካርታ ገለጥ አድርገው አዩት።

እታለም ውሃውን ጠጥታ ሳትጨርስ ሆድ ባሳት። «ለካ እስክወጣልሽ ነው የምትጠብቂው።»

«ልጄ» አለች እናቷ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ። «የወደቅሁ ጊዜ አቅፈሽ ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ። ያጠብሽኝ አንቺ ነሽ። እሱን እስክሞት አልረሳውም። ግን እኮ ዳንኩ። አንቺ ግን መዳኔን አላየሽም። ደረጃውን አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን! አንድ ቀን እንዲያውም በሱቅሽ ፊት አልፌ ሄጃለሁ። ጨርቅ እየለካሽ ስለነበር ቀና አላልሽም። እኔም እንደ ሌባ ጥግ ጥጉን ይዤ አለፍኩ።»

እታለም መሳቅ አልፈለገችም፤ አፏ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰባት።

«ካርታውን ደብቄሽ መጫወቴ ጥፋት ነው» አለች እናትየዋ። «ግን ስነግርሽ ጀርባሽን ያምሻል፣ ትደክሚያለሽ፣ ጋደም በይ ትዪኛለሽ። ጋደም ማለት ሰለቸኝ። አሁን ደግሞ አስላት፣ ገረጣች እያልሽ በኔ ላይ በሽታ ስትፈልጊ እሰማሻለሁ። እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይ።»

እታለም ብርጭቆውን በእጇ አዞረችው። ከሳሎን አንዷ አሮጊት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«ፈርቻለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እንጃ። እዚያ የሚናገሩትን አልሰማ፣ መንገዱን አላውቅ። ሚጢጢ ወጣት ናት፤ ሸክም ብሆንባትስ? ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ በጣም ደስ ቢለኝስ? እስከዛሬ የት ነበርኩ አያሰኝም?»

እናትየዋ እጇን ዘርግታ ከልጇ ግንባር ላይ በላብ የተጣበቀውን ጸጉር ወደ ኋላ አደረገችላት። «ያሰኝ ይሆናል» አለች። «ትንሽ አልቅሰሽበት መንዳትሽን ትቀጥያለሽ። ዓይንን ካልጋረደ ችግር የለውም።»

በዚህ መሐል ደረጃው ላይ የሚንኳኳ ነገር ተሰማ። ሚጢጢ ናት፤ ግማሽ የተጠቀለለ ድንኳን አንገቷ ላይ አስራ፣ ካስማውን ከኋላዋ እየጎተተች፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ደረሰች።

«ማን… ነው… የሞተው?»

«ማንም!» አሉ ከሳሎን ያሉት በአንድ ድምፅ።

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሚጢጢም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች፤ ሲነገራት ተናደደች፤ ተናዳ ሳትጨርስ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር ትዝ አላትና እህቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«እታለም፣ እኔ ያንን ዳገት እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ከፊቴ አንቺን አጥቼሻለሁ። ጨርሶ ሳትወርጂ ወጣሽው?»

«የቱን ዳገት?» አለች እታለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና። እናትየዋ ከካርታ ጓደኞቿ ጋር ሆና ሳይክሎቹን እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኘች፤ ፍሬን የለሽ ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ ድረስ በመስኮቱ በኩል ምክር ሲሰጥ ነበር። ድንበሩ ድረስ በአውቶቡስ ሄዱ፤ ከድንበሩ ወዲያ በእግራቸው፣ ማለት በጎማቸው።

ኬላው አጠገብ ረጅም ድልድይ አለ። የወዲያኛው አገር ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ የእነሱን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች። ፓስፖርታቸውን ተቀብላ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ወደ ውጭ አየች።

«መኪና የት?»

«መኪና የለም። ሳይክል» አለች ሚጢጢ።

«ሳይክል እስከ የት?»

ሚጢጢ አፏን ስትከፍት እታለም ቀደመቻት። ጣቷን አንስታ በአየር ላይ ትልቅ ክብ ሠራችላት። «ሐይቁን ልንዞር ነው። ሁሉንም።»

ሠራተኛዋ ወደ እታለም፣ ከዚያ ሸራ ቦርሳዎች ወደተንጠለጠሉበት ሳይክል፣ ከዚያ መልሳ ወደ እታለም አየች። ጎኗ ያለውን ባልደረባዋን ጠርታ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ተነስቶ ሁለቱን ካየ በኋላ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ማኅተሙ ጧ ብሎ አረፈ።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር የሚል ካለ ውሸታም ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት መጣባቸው። አንድ ቦታ መንገድ ስተው የአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ገቡና ውሻ አሯሯጣቸው። ሩዙ አረረ። «የመንገዱን ካርታ አንቺ ነሽ የገለበጥሽው»፣ «አንቺ ነሽ»፣ ተባብለው እየተኮራረፉ ግራና ቀኝ ዞረው ተቀመጡ፤ ከዚያ ያረረውን ሩዝ ሚጢጢ በማንኪያ ስትፈነቅለው እንደ ጡብ ተነቅሎ ሲወጣ ኩርፊያው አበቃ። ድንኳኑን የተከሉት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነበርና ጎህ ሲቀድ በጣለው ዝናብ ከሥራቸው ውሃ ገባ። በሬ የምትነዳ አንዲት ሴት ስታልፍ አይታቸው፣ ራሷን ነቅንቃ፣ በእጇ ከፍ ያለውን ቦታ አሳየቻቸው። የምትለው ቃል ባይገባቸውም «እናንተ ሞኞች» ማለቷ ሁለቱም ገባቸው።

የመኝታ ከረጢታቸውን ቁጥቋጦ ላይ አስጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ፀሐይ ስትወጣ ተነሱ። ጥቂት እንደነዱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ሰፊ አስፋልት ነው፤ ሚጢጢ ካርታው ላይ በቀይ ያሰመረችው እሱን ነው። ሌላው ወደ ኮረብታው የሚወጣ ጠባብ መንገድ ነው፤ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ በእጁ ወደ ላይ እያሳየ፣ ሁለት መዳፉን ዓይኑ ላይ እንደ መነጽር አድርጎ ፈገግ ይላል።

«ከላይ ሐይቁ ሙሉውን ይታያል ነው የሚለው» አለች ሚጢጢ። «ግን ዳገት ነው። አስፋልቱ ይሻለናል መሰለኝ። አንቺስ?»

ከካርታው ቀና ስትል እታለም ማርሿን ቀንሳ፣ ከኮርቻዋ ብድግ ብላ፣ ጠባቡን መንገድ ጀምራዋለች።

«አትቸኩይ!» ብላ ጮኸችባት ሚጢጢ፤ ካርታውን ኪሷ ውስጥ ጠቅጥቃ ተከተለቻት።